ሩዶልፍ ዲዝል

ሩዶልፍ ዲዝል (እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1858 – ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913) በስሙ የሚጠራውን የናፍጣ ሞተር የፈጠረ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የዓለም የጭነት መርከቦች የሚጓዙት በዚህ ሞተር ነው። ከባሕር በራቀው በራያ ቆቦ ሜዳም ቢሆን፣ ከወልዲያ ተነሥቶ ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ የሚሄደው የጭነት መኪና የሚሠራው በዚያው ዘዴ ነው። ዲዝል ግን ሞተሩ ሳይሰበር ለዓመታት የሚሠራ ሆኖ ከመጠንከሩ በፊት ለገበያ አቅርቦት ብዙ ዋጋ ከፍሎበታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለደው ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ወላጆች ሲሆን አባቱ የቆዳ ዕቃ ሠሪና መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። በ1870 የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ የ12 ዓመቱ ሩዶልፍም ከዚያ ወደ አውግስቡርግ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ተላከ። በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በማቀዝቀዣ ሥራው የሚታወቀው ካርል ፎን ሊንደ መምህሩ ነበር። የእንፋሎት ሞተር የነዳጁን ሙቀት አብዛኛውን በከንቱ እንደሚያባክን የተረዳው በሊንደ ትምህርት ነው። በ1880 ተመርቆ ፓሪስ በሚገኘው የሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ተቀጠረ።

ሞተሩ

የዲዝል ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም። ፒስተኑ አየሩን ብቻ አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግላል፤ በዚያ ላይ የሚረጨው ነዳጅ በራሱ ይቀጣጠላል። ዲዝል ለዚህ ሐሳብ በ1893 የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አገኘ። በዚያው ዓመት በአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የግፊት መለኪያው ፈነዳ። በፌብሩዋሪ 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። በ1897 ደግሞ 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለው ሞተር በፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ተፈትሾ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ሲለውጥ ታየ፤ በጊዜው ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ከፍተኛ ነበር።

ሳይበስል የተሸጠ ሞተር

የፈተናው ውጤት እንደተሰማ የብዙ አገር ፋብሪካዎች የማምረት ፈቃድ ገዙ፤ ዲዝልም በአጭር ጊዜ ባለጠጋ ሆነ። ነገር ግን የፈተና ሞተር ለጥቂት ሰዓታት ቢሠራ ይበቃዋል፤ የፋብሪካ ሞተር በየቀኑ መሥራት አለበት። በ1898 ኬምፕተን ከተማ ለሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ የተሸጠው ሞተር ያለማቋረጥ ጥገና ፈለገ። ዋናው ችግር ነዳጁን በታመቀ አየር የሚረጨው ክፍል ነበር። ለዚህ አየር ብቻ ራሱን የቻለ መጭመቂያ ያስፈልግ ነበር፤ መርጫው በጥላሸት ይደፈናል፣ ቫልቮቹም ይቃጠላሉ። በዚያው ዓመት ዲዝል ከድካምና ከጭንቀት ብዛት ታሞ ሕክምና ገባ። አውግስቡርግ ላይ በስሙ የተቋቋመው ፋብሪካም ከሰረ። ሞተሩን ከመጥፋት ያዳነው የአውግስቡርግ መሐንዲሶች እያንዳንዱን ክፍል እየፈቱ ለዓመታት ማሻሻላቸው ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ባሕር

በመርከብ ላይ የሞተር መቆም በመሬት ላይ እንደመቆሙ አይደለም፤ መካከለኛ ባሕር ላይ ጋራዥ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የተሞከረው በወንዝና በቦይ ላይ ነበር። በ1903 ፈረንሳይ ውስጥ ፔቲ ፒየር የተባለች የቦይ ጀልባ፣ ሩሲያ ውስጥ ደግሞ ቫንዳል የተባለች የዘይት ጫኝ መርከብ በዲዝል ሞተር ተንቀሳቀሱ።

ለውቅያኖስ የበቃችው ሴላንዲያ ናት። ኮፐንሃገን የሚገኘው ቡርማይስተር ኤንድ ዌይን ፋብሪካ የሠራት ይህች መርከብ እያንዳንዳቸው 8 ሲሊንደርና 1,250 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ነበሯት። በፌብሩዋሪ 1912 ተነሥታ በስዊዝና በቀይ ባሕር በኩል ወደ ባንኮክ ተጓዘች። የእንፋሎት መርከቦች የሚታወቁበት ትልቅ ጭስ ማውጫ ስላልነበራት በየወደቡ ሰው ይገረምባት ነበር። ሞተሮቿ የሚዞሩት በዝግታ ነበር። የመርከብ ሞተር ዕድሜ በእጅጉ የሚወሰነውም በዚህ ነው፦ ዙሩ ሲቀንስ የፒስተን ቀለበትና የሲሊንደር ግድግዳ የሚፋተጉት ይቀንሳል። ከትንሽና ቀላል ሞተር ብዙ ጉልበት የሚያወጣ ፈጣን ጀልባ ግን ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ማስፈታት ግድ ይሆንበታል። ሴላንዲያ ስሟና ባለቤቷ ተለዋውጦ እስከ 1942 ድረስ፣ ማለትም 30 ዓመት ያህል ካገለገለች በኋላ ጃፓን አጠገብ ሰጠመች።

አሟሟት

በ1913 ሞተሩ ሲበረታ ፈጣሪው በዕዳ ተውጦ ነበር። ሴፕቴምበር 29 ቀን (በእኛ አቆጣጠር መስከረም 19 ቀን 1906፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት ዓመት) ድሬስደን በተባለች የእንፋሎት መርከብ ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ ተሳፈረ። ከእራት በኋላ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማግሥቱ ግን አልጋው ሳይተኛበት ተገኘ። ከ10 ቀን ያህል በኋላ የሆላንድ መርከበኞች አስከሬን አግኝተው ከኪሱ ዕቃዎቹን ወሰዱና አስከሬኑን መልሰው ለባሕር ተዉት። ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ያረጋገጠው ልጁ ኦይገን ነው። ራሱን አጥፍቷል የሚለው ግምት የበለጠ ተቀባይነት አለው፤ ተገድሏል የሚሉም አልጠፉም፣ ማስረጃ ግን አላቀረቡም።

በኢትዮጵያ

የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ባለ ዲዝል ሞተር ነበረች። በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ማገልገል ጀምራ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች፤ ምጽዋ መቀመጫዋ ነበር። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።