የአርቱሮ ሾምበርግ አጭር የሕይወት ታሪክ

አርቱሮ ሾምበርግ በ1874 ዓ.ም. ፖርቶ ሪኮ በምትባል ደሴት ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ ደሴቲቱ በእስፓኝ መንግሥት ሥር ነበረች። ገና ተማሪ ሳለ አንድ አስተማሪ ጥቁር ሕዝብ ታሪክም ሆነ ስመ ጥር ሰው የለውም ብሎ እንደ ነገረው፣ ይህም ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ እንዳልወጣ ይተረካል። በ1891 በ17 ዓመቱ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሥራ በትምህርት ቤት የተማረው አንዳች ነገር አልነበረም። ከ1906 እስከ 1929 ድረስ እንጀራውን ያገኘው በአንድ ትልቅ ባንክ በደብዳቤ ክፍል እየሠራ ነው። ነገር ግን ሥራው ካለቀ በኋላ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ሱቅ አይጠፋም ነበረ። ከደመወዙ እየቆጠበ ጥቁሮች የጻፉትን፣ ስለ ጥቁሮችም የተጻፈውን ሁሉ ይገዛ ነበረ። ካገኛቸውም መካከል በ16ኛው መቶ ዓመት በግራናዳ ከተማ በላቲን ቋንቋ ቅኔ የደረሰው የጥቁሩ መምህር የሁዋን ላቲኖ መጽሐፍ፣ ከአፍሪካ በባርነት ተወስዳ በ1773 የግጥም መጽሐፍ ያሳተመችው የፊሊስ ዊትሊ ሥራ፣ እንዲሁም የሥነ ፈለክ ዐዋቂው የቤንጃሚን ባኔከር ዓመታዊ የቀን መቁጠሪያ ይገኙባቸዋል። የዚያን አስተማሪ ቃል ለማፍረስ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ያስፈልጋል!

በ1911 ከጆን ኤድዋርድ ብሩስ ጋር ሆኖ የጥቁር ሕዝብን ታሪክ የሚመረምር ማኅበር አቋቋመ። መጻሕፍቱንም ቆልፎ አላስቀመጠም። ለሚመራመሩ ሰዎች ያውስ ነበረ፤ በኒው ዮርክ ሃርለም በተባለው ሰፈር፣ በ135ኛው መንገድ ላይ ለሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ለኤግዚቢሽን ይሰጥ ነበረ። ይኸው ቤተ መጻሕፍት በ1925 የጥቁር ሕዝብ መጻሕፍት ክፍል ሲከፍት ሾምበርግ ከኮሚቴው ጋር ያለ ደመወዝ ደከመ። ከክፍል በኋላ መጻሕፍት በመደርደር የሚረዱ ጓደኞቻችን ይህን ሳያስተውሉት አይቀሩም።

በ1926 የካርኔጊ ኮርፖሬሽን ስብስቡን በ10,000 ዶላር ገዝቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጠ። ከ5,000 የሚበልጡ መጻሕፍት፣ 3,000 የእጅ ጽሑፎችና 2,000 ሥዕሎች ነበሩበት። ለዚያ ሁሉ ዘመን ድካም ገንዘቡ ብዙ ነው ለማለት ያስቸግራል። እርሱ ግን ወዲያው ወደ እስፓኝ ተጉዞ የጥቁሮችን ታሪክ በዚያ አገር መዛግብት ውስጥ ይፈልግ ጀመር።

ከባንኩ ጡረታ ከወጣ በኋላ በቴኔሲ የሚገኘው ፊስክ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ሕዝብ መጻሕፍትን እንዲያደራጅለት ጠራው። በ1932 ደግሞ፣ 58 ዓመት ሲሆነው፣ ገዛ እጁ የሰበሰባቸውን መጻሕፍት በኃላፊነት እንዲጠብቅ በ135ኛው መንገድ ቤተ መጻሕፍት በደመወዝ ተቀጠረ። የሙያ ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ነገር ግን እነዚያን መጻሕፍት ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ከወዴት ይገኛል? በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በ1938 ዐረፈ።

ክፍሉ በ1940 በስሙ ተሰየመ፤ በ1972 የምርምር ማእከል ሆነ። ዛሬም በሃርለም ከ11 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት፣ ጽሑፎች፣ ሥዕሎችና ሌሎች ቅርሶች ይዞ ለአንባቢ ክፍት ነው።