ጊልበርት ሌዊስና ጥንዶቹ ነጥቦች

በዲላ ለመግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለ ኬሚካዊ ትስስር ሲያጠኑ በደብተራቸው የሚደረድሯቸውን ነጥቦች ያስገኘው አሜሪካዊው ሊቅ ጊልበርት ሌዊስ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ተወለደ። በ1902 ለጀማሪ ተማሪዎች ሲያስተምር አቶምን እንደ ሣጥን፣ ኤሌክትሮኖቹንም በማዕዘኖቹ ላይ አድርጎ ሣለ፤ አሳቡን ግን እስከ 1916 አላሳተመም። ትምህርቱም ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይዘው ይተሳሰራሉ የሚል ነው።

በጌዴኦ ጨው ጣል ተደርጎበት የሚጠጣውን ቡና እንውሰድ። በካፌይኑ ውስጥ አቶሞቹ ኤሌክትሮን ይጋራሉ። በደረቁ ጨው ውስጥ ግን ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ስለ ሰጠ፣ ሁለቱ ተቃራኒ ኤሌክትሪክ ይዘው ይሳሳባሉ፤ ሲኒው ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ።

እንደምናየው ብዙ ተማሪ ስምንት የምትለውን ቁጥር ብቻ ይሸመድዳል። ሌዊስ ግን አብልጦ የያዘው ጥንዱን ነበር፤ ሃይድሮጅን ሁለት ኤሌክትሮን ይበቃዋልና።

ከ1919 ጀምሮ ይህን ትምህርት በየአዳራሹ ያስፋፋው ላንግሚዩር ስለ ነበረ ስሙም ወደ እርሱ አደላ፤ ሌዊስም ቅር ተሰኘ። ላንግሚዩር በ1932 በሌላ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። ሌዊስ ብዙ ጊዜ ታጭቶ ሳያገኝ፣ በመጋቢት 1946 በበርክሌይ ላቦራቶሪው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።