ይድነቃቸው ተሰማ እና የድቻ ዘጋቢዎች

ወላይታ ድቻ ተሸንፎ ባደረ ማግስት ጉኑኖ ውስጥ ስለ ስፖርት የሚጽፍ ሰው መሆን ቀላል አይደለም። ሽንፈቱን እንዳለ የጻፈ የሰው ቡድን ደጋፊ ይባላል። በዳኛው ያሳበበ ግን ቡና ይጋበዛል። እኔም የጦና ንቦቹን እየወደድኩ ስለ እነሱ የምጽፍ ነኝና ይህን ጣጣ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ቡድኑ ወደ ሰንጠረዡ ግርጌ ሲንሸራተት የኛ አካባቢ የስፖርት ዘገባ መልኩን ይቀይራል። ሦስት ለዜሮ የተሸነፍንበት ጨዋታ ዜና ሲጻፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ዳኛው፣ ሁለተኛው ስለ ሜዳው ይሆንና ውጤቱ ሦስተኛው ላይ ይገኛል፤ እሱም ከተገኘ።

ታዲያ ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ሰው ጋዜጠኛ አይደሉም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ውስጥ ለማድላት የእሳቸውን ያህል ብዙ ሰበብ የነበረው ሰው አላውቅም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ፣ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋችና አሰልጣኝ ነበሩ፣ የፌዴሬሽን ሰው ነበሩ፣ በመጨረሻም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ።

የተወለዱት ጅማ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዕለት። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረፁ፣ በግጥማቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጅየው ግን ልባቸው ወደ ኳሱ ሄደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ተመሠረተ፤ ወዲያው ጣልያን ገባ። ከነፃነት በኋላ አገሪቱ ፌዴሬሽን ስታቋቁምና ውድድር ስትጀምር ይድነቃቸው ሜዳ ላይም ቢሮ ውስጥም ነበሩ። ዛሬ ቢሆን የጥቅም ግጭት ተብሎ በተጻፈበት ነበር፤ ያኔ ግን ሥራውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለነበር አንዱ ሰው አምስት ቦታ መቆም ነበረበት።

ለኛ ለጸሐፊዎች ትልቁ ትምህርት ያለው በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ነው። ካፍ ሲመሠረት ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሊጫወቱ ታስቦ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ነበረች። ስለዚህ እኛ አንድም ጨዋታ ሳናደርግ ፍፃሜ ገባን፣ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ሦስት አገሮች ብቻ ሲወዳደሩ በግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተረትተን ሦስተኛ ሆንን።

እስቲ አሁን ይህን እንደ ዘጋቢ ጻፉት። የመጀመሪያዋ የአፍሪካ ዋንጫ የብር ባለቤት፣ የሁለተኛዋ የነሐስ ባለቤት ብላችሁ ብትጽፉ አንዲት ቃል አልዋሻችሁም። ግን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱንም የተሸነፈ፣ ዘጠኝ ግብ ገብቶበት አንድም ያላገባ ቡድን ነው። ለኔ የወገንተኝነት ዘገባ ማለት ይኸው ነው፤ ውሸት አይደለም፣ የተመረጠ እውነት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ፍፃሜ የገባነው በነፃ ነው ብሎ ብቻ ያለፈም አጉድሏል። ያ ነፃ ማለፊያ የመጣው አፍሪካ ለዘረኝነት እምቢ ስላለች ነው። ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

ከዚያ ጥር 1954 መጣ። ውድድሩ አዲስ አበባ፣ በአሰልጣኝነት ይድነቃቸው፣ ተጋጣሚ ያችው ግብፅ። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፍን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ያውቀዋል። የካርቱሙን አራት ለዜሮ ያላወቀ ግን የአዲስ አበባው አራት ለሁለት ምን ያህል እንደሚከብድ አይገባውም።

በ1964 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በፊትም በኋላም የማይለወጥ አቋማቸው አፓርታይድን መቃወም ነበር። አፍሪካ ቀጥተኛ የማለፊያ ቦታ ይሰጠን ብላ የ1958ቱን የዓለም ዋንጫ ስትተውም ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበሩ፤ ለቀጣዩ ዋንጫ ቦታው ተሰጠ። እንግዲህ ገለልተኛ ነበሩ ልላችሁ አልችልም፤ አልነበሩም። በገለልተኝነትና በሐቀኝነት መካከል ያለውን ልዩነት የምናምታታው እኛ ነን።

ከሕይወታቸው ሁሉ ደጋግሜ የማስበው ግን 1968ን ነው። የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ተጫወቱት። የውድድሩ የበላይ ኃላፊ የአገሩ ልጅ ነው። የገዛ ቡድናቸው፣ አሰልጥነው ዋንጫ ያበሉት ቡድን፣ ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፎ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ወጣና ከምድቡ ቀረ። ጊኒና ግብፅ አለፉ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እዚሁ አገር ያለቀሰችው ግብፅ ጭምር ማለት ነው። በመጨረሻ ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ወሰደች። በዚያን ዕለት በእንግዳ መቀመጫው ላይ ምን እንደተሰማቸው በአፋቸው ቃል አላስቀምጥም። ሰንጠረዡ ግን አለ፤ አዘጋጅዋ አገር በምድቧ ሦስተኛ ብሎ ተመዝግቧል።

እስከ ሕይወታቸው ፍፃሜ በዚያው ወንበር ላይ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም አረፉ። ብሔራዊ ቡድኑ በሕይወታቸው ሳሉ ለመጨረሻ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈው በ1974 ሊቢያ ላይ ነው፤ አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያ እስከ 2005 ድረስ 31 ዓመት ጠበቅን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንቱ ዳኛ ተረገመ! ሜዳው፣ አየሩ፣ ዕድሉ ተወቀሰ። ስለ ታዳጊ ሥልጠና የተጻፈው ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉ ነው?

ወደ ድቻ ልመለስና ላብቃ። በመጋቢት 2010 ድቻ ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3 አለፈ። ጉኑኖ ውስጥ ኳስ የሚወድ ማንኛውንም ልጅ ብትጠይቁት ይህን ቁጭ አድርጎ ይተርክላችኋል። ቀጥሎ ከታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ጋር ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁት። ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 ብናሸንፍም አልበቃንም። ልጁ ዝም ይላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ያኛውን በደንብ የጻፈለት የለም።