ተቃጥሎ የሚያድን ሽቦ፦ ኤዲሰን እና የቡና መፈልፈያችን

ጅማ ወይም አጋሮ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቡና በደረሰበት ሰሞን የመፈልፈያው ፊውዝ ይቃጠላል፤ አንዱ ወፈር ያለ ሽቦ ጠምዝዞ ይተካውና ሥራ ይቀጥላል። ጎበዝ ይባላል። እኔ ግን ይህን ባየሁ ቁጥር ቶማስ ኤዲሰን ትዝ ይለኛል።

ኤዲሰን በ1847 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ኦሃዮ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ነው፤ ያስተማረችው እናቱ ነች። ልጅ ሆኖ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ሸጧል፣ በኋላም የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኗል። ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር።

በ1879 አምፖሉ ተሳካለት። እንደ ኢኮኖሚክስ ሰው ካያችሁት ግን ትልቁ ሥራው አምፖሉ አይደለም፤ መብራትን እንደ ሸቀጥ ለየቤቱ ለመሸጥ መነሳቱ ነው። ሰው ደግሞ ቤቴ ይቃጠላል ብሎ የሚፈራውን ዕቃ አይገዛም። ስለዚህ በ1880 ለአንድ ቀጭን ሽቦ ፓተንት አወጣ፤ ከልክ ያለፈ ከረንት ሲመጣ ቀድሞ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ። ሃሳቡ በቴሌግራፍ መስመሮች ላይ የነበረ ቢሆንም እሱ የመብራት ሥርዓቱ አካል አደረገው። በ1882 ኒውዮርክ ፐርል ስትሪት ላይ የከፈተው ጣቢያ በመጀመሪያው ቀን ወደ 400 ገደማ አምፖሎችን አበራ።

በኋላ ዲሲ ይሻላል ብሎ ከኤሲ ጋር ተከራክሮ ተሸነፈ። በ1931 ሞተ፤ የጅማው አባ ጅፋር ዳግማዊ ያረፉት በዓመቱ ነው። ዛሬ ከግልገል ጊቤ የሚወጣውም ኤሲ ነው። ፊውዙ ግን አልተሸነፈም።

ታዲያ ስንመርጥ ምን እናድርግ? የፊውዙ አምፔር ማሽኑ ከሚወስደው በላይ፣ ኬብሉ ከሚችለው ደግሞ በታች ይሁን። ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ስለዚህ ያንን የሚታገስ የሞተር ፊውዝ ግዙ እንጂ በተቃጠለ ቁጥር አምፔሩን አታሳድጉ። ደግሞም ለብልሽቱ የሚቀርበው ፊውዝ ቀድሞ መቆረጥ አለበት፤ ያለዚያ በአንድ መፈልፈያ ጥፋት ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል።

ወፍራሙ ሽቦ ዛሬ የፊውዝ ዋጋ ያተርፋል። ነገ ግን ቀድሞ የሚቃጠለው ሞተሩ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ደግሞ ያልተፈለፈለው ቡና አለ። እሸት ቡና ጥገና አይጠብቅም።