መምህር ታምራት አማኑኤል እና የአዲስ አበባው ትንሽ ትምህርት ቤት

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን የማኅበራችንን የዓመታት ጉዞ ከማቅረባችን ጎን ለጎን፣ ለልጆቻችን አርአያ የሚሆን የአንድ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ እንዲካተት አስበናል። የመረጥነውም የመምህር ታምራት አማኑኤልን ታሪክ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኛ በኬንያው ሞያሌ የምንኖር ወላጆች ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ፣ በሰፈር የቦረና ኦሮምኛ፣ በቤት ደግሞ አማርኛ እየሰሙ ሲያድጉ እናያለን። ልጅን በሰው አገር ዕውቀት አስተምሮ የራሱን ሳያስጥሉ ማሳደግ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ በመካከላችን የለም። መምህር ታምራት ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደትና ልጅነት

ታምራት አማኑኤል በ1888 በጎንደር አገር ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለዱ። ዘመኑ ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት የደርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ ቀጥሎም ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ አገሩን ፈጀው።

ቤተ እስራኤል በግዕዝ የተጻፈ ኦሪት የሚያነቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ ሕዝብ ናቸው። ብዙዎቹ ርስት ስላልነበራቸው የሚተዳደሩት በጢሰኝነት፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ነበር። ጎረቤት በእጃቸው ማረሻ እያረሰ፣ በሠሩት ድስት እየበላ፣ ፈላሻ ወይም ቡዳ እያለ ይሰድባቸው ነበር። ከ1860 ግድም ጀምሮ ደግሞ ከለንደን የተላኩ ሚሲዮናውያን በመካከላቸው ገብተው ማስተማር በመጀመራቸው ከየመንደሩ ክርስትናን የተቀበሉ ቤተሰቦች ነበሩ። የታምራት ወላጆችም ከእነዚህ ወገን ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ፊደልና የውጭ ቋንቋ የተማሩት አስመራ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው።

ከአስመራ እስከ ፍሎረንስ

በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ፣ በፖላንድ ተወልዶ በፓሪስ የተማረ አይሁዳዊ ወጣት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። መምህሩ ዮሴፍ አሌቪ ከእርሱ በፊት፣ በ1867 እና በ1868፣ ቤተ እስራኤልን ጎብኝቶ ስለነበር ደቀ መዝሙሩም የእርሱን ፈለግ ተከተለ። ፋይትሎቪች የእነዚህን ሰዎች ኑሮ አይቶ የደረሰበት ሐሳብ፣ ከመካከላቸው ልጆችን መርጦ በአውሮፓ ማስተማርና መምህራን አድርጎ ወደ ወገናቸው መመለስ የሚል ነበር። ታምራት አማኑኤልና ጌቴ ኤርምያስ የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ ፍሬዎች ሆኑ። በ1905 ሁለቱን ይዟቸው ወደ አውሮፓ ሄደ።

ታምራት መጀመሪያ የገቡት በፓሪስ አሊያንስ የተባለው የአይሁድ ማኅበር ወዳቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። በኋላም ወደ ጣልያን አገር ተሻግረው በፍሎረንስ በራቢ ማርጉሊስ ይመራ በነበረው የረቢዎች ትምህርት ቤት ተማሩ። በአውሮፓ የቆዩት 15 ዓመት ያህል ነው። ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ የሚያውቁ ሊቅ ሆነው በ1920 ከፋይትሎቪች ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከወላጆቻቸው ቤት የወጡት ገና በልጅነት ነበር፤ ሲመለሱ የ32 ዓመት ሰው ሆነው ነበር።

የትምህርት ቤቱ ኑሮ

በ1923 በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስተዳዳሪው መምህር ታምራት ሆኑ። የገንዘብ ርዳታው ፋይትሎቪች በአውሮፓና በአሜሪካ ካሰባሰባቸው የአይሁድ ኮሚቴዎች ይመጣ ነበር። ትምህርት ቤቱ ትንሽ ነው፤ ተማሪዎቹም አዳሪዎች ናቸው። ከጎንደር አዲስ አበባ መድረስ በዚያን ዘመን የብዙ ሳምንት የእግርና የበቅሎ መንገድ ስለነበር አንድ ጊዜ የመጣ ልጅ ቶሎ ወደ እናቱ ቤት የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም።

ልጆቹ ከመንደራቸው ይዘውት የመጡት ሃይማኖት ጥልቅ ነው። ኦሪቱን በግዕዝ ከቄሶቻቸው ሰምተዋል። በሰንበት እሳት በቤት ውስጥ አይነድም፤ ምግቡ ዓርብ ተሰናድቶ ያድራል፤ በረከቴ የሚሉትን የሰንበት ዳቦ ቄሱ ባርኮ ያድላል። በስግድ ቀን ጾመው ተራራ ወጥተዋል። አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን የሌላው ዓለም አይሁድ የሚጸልየው በዕብራይስጥ እንደሆነ፣ ሐኑካ የሚባል መንደራቸው የማያውቀው በዓል እንዳለ፣ ዓርብ ማታም ሰንበት ከመግባቱ በፊት መብራት እንደሚበራ ተማሩ። እሳት አጥፍቶ ሰንበትን ለሚቀበል ልጅ ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው።

ዕብራይስጡም የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ በመሆኑ አማርኛ የለመደን ዓይን ያስቸግራል። ሆኖም ግዕዝ ለሰማ ልጅ ቋንቋው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እኛ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት የምንላቸው ፊደላት በዚያ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ናቸው። ሰላም ሻሎም ነው፤ ስም ሼም ነው። በዚህ በኩል ከመምህር ታምራት የተሻለ አስተማሪ ሊገኝ አይችልም ነበር፤ ሁለቱንም ቋንቋ ከሥሩ ያውቁታልና።

ከተማሪዎቹ መካከል የበረቱት ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብጽና ወደ አውሮፓ ይላኩ ነበር። በፋይትሎቪች አማካይነት እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ወደ ውጭ የሄዱት ልጆች 25 ያህል ናቸው። ሁሉም ግን ለወግ ለማዕረግ አልበቁም። ብርዱና በሽታው የጣላቸው፣ በባዕድ አገር የተቀበሩም አሉ።

በዚህ ምክንያት በመንደሩ ያሉ ወላጆችና ቄሶች ልጆቻቸውን ለመስጠት ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም። ሚሲዮኑ ልጆቻቸውን በፊደል አባብሎ እንደወሰደባቸው ገና አልረሱም። ደግሞም በቤተ እስራኤል ሥርዓት ከባዕድ ጋር የዋለ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ መንደር አይገባም፤ አትንኩኝ የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው። ታዲያ ዓመታትን ከባዕድ ጋር የኖረ ልጅ ምን ያህል ውኃ ያነጻዋል?

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ላይ መከፈቱ ጥቅምም ጉዳትም ነበረው። ለመንግሥት ቅርብ በመሆኑ የአካባቢ ሹም አይነካውም፤ ለባቡሩም ቅርብ በመሆኑ የውጭው መንገድ ክፍት ነው። በሌላ በኩል ቋንቋ የተማረ ወጣት በዋና ከተማው በቀላሉ የመንግሥት ሥራ ስለሚያገኝ፣ መምህር ሆኖ ወደ መንደሩ ይመለሳል የተባለው ብዙው ልጅ ከተማ ቀረ። አንዳንዶቹም ከፍተኛ ሹመት ላይ ደረሱ። ለአገር ጠቀሙ፤ እናቱ በጎንደር ሸክላ የምትሠራው ልጅ ግን ገና መምህር ይጠብቅ ነበር። መምህር ታምራትና ፋይትሎቪችም በትምህርት ቤቱ ጉዳይ ሁልጊዜ አንድ ሐሳብ አልነበሩም። ኮሚቴዎቹ በሩቅ ሆነው የሚያዩትን ሥራ ታምራት በየቀኑ በልጆቹ ፊት ላይ ያዩት ነበር።

ስደትና ድል

በግንቦት 1936 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ የትምህርት ቤቱም ሥራ ተቋረጠ። መምህር ታምራት ጣልያንኛ እንደ ራሳቸው ቋንቋ ያውቃሉ፤ የወጣትነት ዘመናቸውንም በፍሎረንስ አሳልፈዋል። ለገዢው ለማደር ቢፈልጉ ከእርሳቸው የተመቸ ሰው አልነበረም። እርሳቸው ግን ይህን አላደረጉም። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ እየተለቀመ ሲገደል አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ፤ የስደታቸውም ዘመን በመካከለኛው ምሥራቅ አለፈ።

በዚያው ዘመን በደቡብ በኩል የተሰደዱት ወገኖቻችን ወደ ኬንያ ተሻግረው በኢሲዮሎ፣ ቀጥሎም በታቬታ ካምፕ ይኖሩ እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ይህች የምንኖርባት ሞያሌም በሐምሌ 1940 በጣልያን ጦር ተይዛ፣ በ1941 መጀመሪያ ነጻ ወጥታለች።

ከድል በኋላ መምህር ታምራት ወደ አገራቸው ተመልሰው መንግሥትን አገለገሉ። በ1944 ስለ ኢትዮጵያ ደራሲዎች በሚል ርእስ የሰጡት ትምህርት እስከ ዛሬ የሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የሚጠቅሱት ሥራ ነው። ከቤተ እስራኤል የተወለደው፣ በሚሲዮን ያደገው፣ በአውሮፓ የተማረው ሰው የክርስቲያኑን የግዕዝ መጻሕፍትና የአዲሱን ዘመን የአማርኛ ደራስያን እንደ ራሱ ሀብት ቆጥሮ መዘነ። ኋላም በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ። የመጨረሻ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም አሳልፈው በ1963 በዚያው አረፉ።

የተዘራው ዘር

የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት በእግሩ አልቆመም። ዘሩ ግን አልጠፋም። በዚያ ካስተማሩት ሰዎች አንዱ፣ የወለቃው ተወላጅ ዮና ቦጋለ፣ በ1950ዎቹ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በጎንደር ገጠር ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤቶች እንዲስፋፉ ደከሙ፤ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጁ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ልጆች በእስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደተባለው ትምህርት ቤት ተልከው ከተመለሱት ብዙዎቹ መምህራን ሆኑ። ታምራት ዓይናቸውን ሳይከድኑ ትምህርቱ መንደር ደርሶ ነበር ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። የትምህርት ቤት ትልቅነት በተማሪ ብዛት ብቻ አይለካም። ደግሞም ልጅን ማስተማር ግማሽ ሥራ ነው፤ የተማረው ልጅ የሚመለስበትን ቤት ማዘጋጀት ሌላው ግማሽ ነው። ወላጅና መምህር ካልተነጋገሩ ልጁ በሁለት አገር መካከል ይቀራል። ድንበር ላይ የምንኖር እኛ ይህን ልናውቅ ይገባናል። ልጆቻችን የኬንያን ትምህርት በርትተው ይማሩ፤ አማርኛውንም በቤታችን እናንብብላቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ የመምህር ታምራት አማኑኤል ስም በእኛም ልጆች ዘንድ ሲታወስ ይኑር።