ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት እና ውሾን ያነሳ ውሾ

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ የታወቁ ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ ነው። ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ ግን በቅድሚያ ልንገራችሁ።

እኔ ያደግሁት ሚዛን ተፈሪ አካባቢ ነው። አባቴ ቡና አምራች ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሁለት ኩንታል ጀንፈል አስጭነን ወደ ገበያ ስንሄድ መንገድ ላይ ያለ አንድ ኬላ አስቆመን። ወረቀታችን የተሟላ ነበር። ሆኖም አንዱ ፖሊስ አባቴን ገለል አድርጎ ገንዘብ ተቀበለው፤ ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። አባቴ በማግስቱ ማመልከቻ አጽፎ አቤት አለ። አብረው ተረኛ የነበሩት ሦስቱም ፖሊሶች ምንም አላየንም አሉ። ይባስ ብሎ ማመልከቻው ዞሮ ዞሮ ገንዘቡን የተቀበለው ሰውዬ እጅ ገባ! ከሦስቱ አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ማታ ቤታችን መጥቶ፣ ማየቱን እንዳየ፣ ግን ቢመሰክር ከዚያ ወዲያ ከጎኑ የሚቆም ጓደኛ እንደማይኖረው ለአባቴ ነገረው። አባቴ ምንም አልተናገረውም፤ ቡና አጠጥቶ ሸኘው። ነገሩም ውሾን ያነሳ ውሾ ሆኖ ቀረ።

ኮሌጅ ገብቼ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ታሪክ ሳነብ ያ ማታ ትዝ አለኝ።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር፣ ራስ መኰንን ቤት ገቡ፤ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተወስደው እዚያው አደጉ፤ የመድፈኛ መኮንንነትም ተማሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው።

ታዲያ ተመልሰው ያገኙት አገር ሹም በደመወዝ የማይኖርበት አገር ነበር። ሹሙም ወታደሩም የሚተዳደረው በተመደበለት ገባር ነው፤ እህሉንም ማሩንም ጉልበቱንም ከገባሩ ይወስዳል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን ከዚህ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ አስቡት። የበላውን ሰው ማን ይከሰው? ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ዘበኛውም የሚበሉት ከዚያው ማዕድ ነው። እከክልኝ ልከክልህ ነው ነገሩ።

ተክለ ሐዋርያት ይህንን ዝም ብለው አላለፉትም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ድርሰት ጻፉ፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ሐሳቡን ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶች ወስደው በአውሬዎች አስመስለው የዘመኑን ሹማምንት ተቹ። ሹማምንቱ ግን ራሳቸውን ለማወቅ አልተቸገሩም። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ። እንደኔ እንደኔ ይህ እገዳ ራሱ ማስረጃ ነው፤ የአንዱ ገመና ሲነካ ሁሉም በአንድ ላይ ተነሣ ማለት ነው።

በ1915 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ራሳቸው ተሾሙ፤ የጨርጨር ገዢ ሆኑ። አሁን ጭሮ የምንላትን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ያኔ ነው። የአልጋ ወራሽ ተፈሪ ስም በእኛ ሚዛንም በእሳቸው አሰበም ላይ አለ፤ ጨርጨርም እንደኛው የቡና አገር ነው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ገበሬው የሚከፍለው ግብር አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሠራተኛው ከገበሬው ጎተራ ሳይሆን ከመንግሥት ደመወዝ ይብላ። ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንዲሆን ታሰበ።

በዚያው ዘመን በእኛ በኩል ምን ይደረግ ነበር? በያኔው አጠራር ጊሚራ ይባል በነበረው በቤንች ምድርና በማጂ ሰው እየታደነ ይሸጥ ነበር። ባርያ ፈንጋይነትን የሚከለክል ሕግ በ1916 ዓ.ም. ወጣ። ሽያጩ ግን ወዲያው አልቆመም፤ ሕጉን አስከብሩ ከተባሉት ውስጥ ከንግዱ የሚጠቀሙ ነበሩና። ማጂም አርአያ አውራጃ እንዲሆን ታስቦ እንግሊዛዊው ሳንድፎርድ በአማካሪነት የሄዱት በ1927 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ወዲያው ስለወረረ ሥራው ብዙ አልተራመደም።

ወደ ተክለ ሐዋርያት እንመለስ። በኋላ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። የአገሪቱን የመጀመሪያ ጽሑፋዊ ሕገ መንግሥትም የጃፓንን አርአያ አድርገው አረቀቁ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። እዚህ ላይ ነው እኔ ከእሳቸው ጋር የምከራከረው። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤት አቋቋመ፤ ነገር ግን የላይኛውን ምክር ቤት አባላት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የታችኛውን ደግሞ መኳንንቱና የአገሩ ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ገበሬው የሚመርጠው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በሹም የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ለዚያው ለሹም ወገን ነበር ማለት ነው። የአባቴ ማመልከቻ ዓይነት!

ከዚያ በኋላ የእሳቸው ኑሮ የስደት ነበር። ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ለኢትዮጵያ ተከራከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው መውጣታቸውን ተቃወሙ፤ ራሳቸውም በስደት እስከ ማዳጋስካር ሄደው ረጅም ዘመን ቆዩ። ከተመለሱ በኋላ ሂርና ላይ በእርሻ ኖረው በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ለአንባቢ የደረሰው ከሞቱ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ደመወዙ የማያኖረውን ዘበኛ አትስረቅ ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም፤ ይህን ተክለ ሐዋርያት ያኔውኑ አውቀውታል። ሁለተኛው፣ ደመወዝም ብቻውን አይበቃም። ኬላው ላይ የነበሩት አራቱም ደመወዝተኞች ነበሩ። የጎደለው፣ አቤቱታው ከእነሱ ውጭ ላለ ሰው የሚደርስበት መንገድና እውነቱን የተናገረ ፖሊስ ብቻውን እንዳይቀር የሚጠብቀው ወገን ነው። የእንባ ጠባቂ ተቋም በ1992 ዓ.ም.፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁመዋል። አባቴ ግን ማመልከቻውን ወዴት ይዞ እንደሚሄድ የነገረው ሰው አልነበረም።

ከእኛ ክፍል ተመርቀን ነገ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ምናልባትም ፖሊስ የምንሆን አለን። እኔ ያንን የሰፈራችንን ልጅ እስካሁን አልተቀየምኩትም። ግን እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ብቆም ምን አደርግ እንደነበር ራሴን እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።