የባርቤዶሱ ቶም አዳምስ፤ የትንንሽ ደሴቶች ዘብ

የካሪቢያንን ባሕር ካርታ ዘርግቶ የሚመለከት ሰው፥ ከኩባና ከጃማይካ በስተምሥራቅ እንደ መቁጠሪያ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተሰካኩ ጥቃቅን ደሴቶች ያያል። ከእነዚሁ ጥቂት ፈንጠር ብላ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የገባችው ባርቤዶስ ናት። ስፋቷ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሕዝቧም ታሪካቸውን በምንነግርላቸው ሰው ዘመን ሩብ ሚሊዮን ያህል ነበር። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የዚህችን አገር ሁለተኛ ጠቅላይ ሚኒስትር፥ የቶም አዳምስን ሕይወት ነው። ቀኖችንና ዓመቶችን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቶም አዳምስ በሴፕቴምበር 1931 ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አንድ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ሰር ግራንትሊ አዳምስ የባርቤዶስ የመጀመሪያው ፕሪሚየር ከመሆናቸውም በላይ፥ በ1958 የእንግሊዝ ቅኝ የነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች ተባብረው የዌስት ኢንዲስን ፌዴሬሽን ባቆሙ ጊዜ የፌዴሬሽኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዳሩ ግን ኅብረቱ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1961 የጃማይካ ሕዝብ በድምፁ መውጣትን መረጠ፤ ትሪኒዳድም ተከተለች፤ በ1962 ነገሩ ሁሉ ፈረሰ። ሰር ግራንትሊም የሚመሩት አገር ጠፍቶ ሥልጣናቸው አበቃ። ልጅየው በዚያ ዘመን በኦክስፎርድ ተምረው፥ ሕግም አጥንተው፥ በእንግሊዝ አገር በቢቢሲ ይሠሩ ነበር። አባታቸው የደከሙበት ቤት ሲፈርስ የተመለከቱት ከሩቅ ሆነው ነው። ይህ ትዝታ ኋላ ለሠሩት ሥራ ምክንያት ሳይሆን አልቀረም ብለን እናምናለን።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ባርቤዶስ ነጻ በወጣችበት በ1966 የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ1971 የተቃዋሚው ወገን መሪ፥ በሴፕቴምበር 1976 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ ግን ዕረፍት አልሰጣቸውም። ወንበሩን በያዙ በወሩ፥ ኦክቶበር 6 ቀን፥ ከባርቤዶስ የተነሣ የኩባ አውሮፕላን በተጠመደበት ፈንጂ ባሕር ላይ ወድቆ 73 ሰዎች አለቁ። በዚያው ወር ፈረንሳዮች በማርቲኒክ አጠገብ መሣሪያ የጫነ ጀልባ ያዙ፤ የጀልባው ሰው የባርቤዶስ ተወላጅ ሆኖ ተገኘ። የባርቤዶስ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ ክፍል በዚያን ጊዜ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ የትንንሽ ደሴቶችን ችግር ጥቂት ማብራራት ይገባናል። የእንዲህ ያለች ደሴት መሬት በአንድ ቀን በመኪና ተዞሮ ያልቃል፤ ባሕሯ ግን አያልቅም። በዲሴምበር 1982 የተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት ለጠረፍ አገሮች እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ የዓሣና የማዕድን ሀብት መብት ሲሰጥ፥ ደሴቶቹ ከመሬታቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ እንዲጠብቁ ሆኑ። ጀልባውን ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ በስጦታ ማግኘት ይቻላል። ሰጪው አስረክቦ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ግን ነዳጁን በየቀኑ የሚገዛው፥ ሞተሩ ሲሰበር መለዋወጫ የሚያስመጣው፥ ለመርከበኞቹም ደመወዝ የሚከፍለው ተቀባዩ ነው። ሕዝቧ ከመቶ ሺህ ብዙ ለማይርቅ አገር ይህ ከባድ ሸክም ነው። ወደብ ላይ ታስሮ የሚዝግ ጀልባ ደግሞ ኮንትሮባንድ ነጋዴን አያስፈራም።

ቶም አዳምስ ይህን ቀድመው ከተረዱት መሪዎች አንዱ ነበሩ። በማርች 1979 በግሬናዳ ጥቂት የታጠቁ ሰዎች በአንድ ማለዳ መንግሥት ገለበጡ። በዚያው ዓመት ኦገስት ባርቤዶስ የመከላከያ ኀይሏን አቋቋመች፤ በዲሴምበርም የሴንት ቪንሰንት መንግሥት በዩኒየን ደሴት ዐመፅ ተነሥቶበት ርዳታ ሲጠይቅ አዳምስ ወታደሮቻቸውን ላኩ። በ1981 የዶሚኒካ ነገር የባሰ ሆነ። ከአሜሪካ በጀልባ ተነሥተው ያችን ደሴት በጦር ሊይዙ ያቀዱ ቅጥር ወታደሮች ኒው ኦርሊንስ አጠገብ ገና ሳይሳፈሩ ተያዙ። ዕቅዱ ባይታወቅ ኖሮ፥ የገዛ ጦሯን በዚያው ዓመት ያፈረሰችው ዶሚኒካ በምን ትመክታቸው ነበር?

ኦክቶበር 29 ቀን 1982 ባርቤዶስ፥ ዶሚኒካ፥ ሴንት ሉሺያ፥ ሴንት ቪንሰንትና አንቲጓ አንድ የስምምነት ሰነድ ተፈራረሙ። በሰነዱ የተዘረዘረው ሥራ አብዛኛው የወታደር አይመስልም፤ ኮንትሮባንድን መከልከል፥ በባሕር የጠፋን ፈልጎ ማዳን፥ ዓሣውን መጠበቅ፥ ጉምሩክን ማስከበር፥ የባሕርን መበከል መቆጣጠር፥ በአደጋ ጊዜ መረዳዳት ነበር። የመንግሥት ጸጥታም ሲናጋ የተቸገረው ይጠራል፥ ሌሎቹ ይደርሳሉ። በእኛ አገር ሰው አነጋገር ዕድር ማለት ነው። ከወጪው ግማሽ ያህሉን የምትከፍለው ባርቤዶስ ነበረች። አሜሪካ፥ እንግሊዝና ካናዳም ለአንድ አንድ ደሴት ከመስጠት ይልቅ ለማኅበሩ ማሠልጠንና ማስታጠቅ ቀለላቸው። አባት በሕገ መንግሥት ሊያስተሳስሯቸው ያልቻሏቸውን ደሴቶች ልጅ በጀልባና በራዲዮ አስተሳሰሯቸው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

የስምምነቱ ቀለም ሳይደርቅ ግን የ1983 ኦክቶበር መጣ። በ19ኛው ቀን የግሬናዳው መሪ ሞሪስ ቢሾፕ ከሚኒስትሮቻቸው ጋር በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። ጎረቤቶቹ ደሴቶች ደነገጡ፤ አዳምስም ከሁሉ ይልቅ ለጦር ርምጃ ተጉ። በ25ኛው ቀን አሜሪካ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጦር በግሬናዳ አወረደች፤ የካሪቢያን አገሮች የላኩት ሦስት መቶ ያህል ሰው ሲሆን፥ ሥራውም በአብዛኛው ከውጊያው በኋላ ዘብ መቆም ነበር። የባርቤዶስ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ሆኖ አገለገለ። ትሪኒዳድና ጉያና ተቃወሙ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ተቀየመ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በኖቬምበር 2 ቀን በ108 ድምፅ ድርጊቱን ነቀፈ።

ስለ አዳምስ የሚጽፍ ሰው ይህን ቀን ሊያልፈው አይችልም። ከግሬናዳ ሕዝብ ብዙው ወታደሮቹን በደስታ እንደተቀበለ የታወቀ ነው፤ የግድያውም ጭካኔ አይካድም። ሆኖም አንድ ዓመት ብቻ የሞላው ማኅበር ከታላቅ ኀይል ጎን ሲሰለፍ፥ ጥሪው የደሴቶቹ ቢሆንም ጊዜውንና መንገዱን የቈረጠው የመርከቦቹ ባለቤት ነበር። አዳምስ ብልኅ የሕግ ሰው ነበሩና ይህን ሳያዩት ቀርተዋል አንልም። አይተው ዋጋውን ለመክፈል ፈቀዱ፤ በእኛ አስተያየት ዋጋው ካሰቡት በላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ርዳታው በረከተ። በአሜሪካ የተሠሩ 65 ጫማ ርዝመት ያላቸው የጠረፍ ጠባቂ ጀልባዎች ለዶሚኒካ፥ ለሴንት ሉሺያና ለአንቲጓ ተሰጡ፤ በየደሴቱም ልዩ የፖሊስ ጭፍሮች ሠለጠኑ። አዳምስ ከዚህም አልፈው አንድ ትልቅ የጋራ ጦር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ወጪው ከባድ ሆነ፤ የፖለቲካ ባላጋራቸው ኤሮል ባሮውም ሐሳቡን አጥብቀው ነቀፉ፤ እንዲህ ያለ ጦር መንግሥታትን ከገዛ ሕዝባቸው ለመጠበቂያ እንዳይውል ፈርተው ነበር። ነቀፋው ከንቱ አልነበረም።

ክርክሩ ሳያልቅ፥ ማርች 11 ቀን 1985፥ ቶም አዳምስ በመኖሪያ ቤታቸው በልብ ድካም በድንገት ሞቱ። ዕድሜያቸው 53 ነበር። በተከታዩ ዓመት ባሮው በምርጫ ከ27 ወንበሮች 24ቱን አሸንፈው ሥልጣን ያዙ፤ እርሳቸውና የሴንት ቪንሰንቱ ጄምስ ሚቼል ስላልተስማሙ የትልቁ ጦር ነገር ተረሳ። የ1982ቱ ሰነድ ግን አልተቀደደም። ጀልባዎቹ ከአብዮተኛ ይልቅ አደንዛዥ ዕፅ የጫኑ ፈጣን ጀልባዎችን ማሳደድ ጀመሩ። ማርች 5 ቀን 1996 ማኅበሩ በሙሉ ውል ጸና፤ የተፈረመውም በግሬናዳ ነበር።

በሴፕቴምበር 2004 አይቫን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ግሬናዳን አወደመ። ወኅኒ ቤቱ ሳይቀር ፈርሶ ዝርፊያ በተነሣ ጊዜ የማኅበሩ አገሮች ወታደሮችና ፖሊሶች ተጠርተው ደረሱ። በ1983 አልመጣም ያለችው ትሪኒዳድም ያን ጊዜ ወታደሮቿን ልካ ነበር።